እመት በረዶና የቀረው ሰው

ታላቅ እህቴን ወታደሮቹ «እመት በረዶ» ይሏት ነበር። በጸባይዋ ያወጡላት ስም እንዳይመስላችሁ፤ በጸባይዋ ቢሆን ኖሮ «እመት ፍም» ነበር የሚሏት። ስሙን ያመጣው ሥራዋ ነው። በጦሩ የመድኃኒት ግምጃ ቤት ውስጥ ውሃውን አቀዝቅዛ በረዶ የምታደርገው፣ ክትባት የሚጓዝበትን ሳጥን በዚያ በረዶ የምታሽገው እሷ ነበረች። እኔ «እታለም» እላታለሁ። እሷ እኔን «ሚጢ» ትለኛለች። አግብቼ ወልጄ፣ ፀጉሬ ሸብቶም ለእሷ ያው ሚጢ ነበርኩ።

የእሷን ነገር ልጻፍ ብዬ በተቀመጥኩ ቁጥር ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። አንድ ቃል መሃል መንገድ ላይ ተጋድሞብኛል። «አልቋል» የሚባል ቃል። እሱን ሳላልፍ ወዲያም ወዲህም መሄድ አልቻልኩም፤ እዚያ እስክደርስ ታገሱኝ።

ባሏ ወታደር ነበር። አንድ ልጃቸው ገና ድክ ድክ ሲል ባሏ ሞተባት። ጦሩም መተዳደሪያ ይሁንሽ ብሎ በግምጃ ቤቱ የጽዳት ሥራ ሰጣት። መጥረጊያ ይዛ ገባች፤ የበረዶ ክፍሉ ሰውዬ ጡረታ ሲወጣ እሷ በቦታው ገባችና በዚያው ቀረች። ክፍሉ ከረጅሙ የቆርቆሮ ቤት ጥግ ላይ ነው። የሲሚንቶው ወለል ደርቆ አያውቅም። ማቀዝቀዣዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቀኑን ሙሉ እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማሉ። ውጪ ሰው በጋዜጣ ሲያራግብ እሷ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ የባሏን ወፍራም ካልሲ አጥልቃ ነው የምትውለው። እጇ ይሰነጣጠቅና ቫዝሊን ትቀባዋለች፤ በቫዝሊን እጇ ደግሞ በረዶው እያዳለጣት ትሳደባለች። በረዶውን ነው የምትሳደበው። «ቀጥ ብለህ አትቆምም፣ አንተ ልቅ!» ትለዋለች።

ከክፍሏ ጋር የሚዋሰነው የሬዲዮ ክፍል ነው። መሃሉ ላይ ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነበር፤ ሰው ሲያዛጋ እንኳን ይሰማል። የሬዲዮውን ሰው «ድገም» ይሉታል፤ ቀኑን ሙሉ «ድገም፣ ድገም» ሲል ስለሚውል። ቤቱም ሄዶ ሚስቱ ምሳ ቀርቧል ስትለው «ድገሚ» ይላታል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ።

የግምጃ ቤቱ ዋና ሐኪም ደግሞ የልምምድ ሰው ነበር። ጦሩ ባሕር ማዶ ሰላም ለማስከበር መሄድ ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ የለውም ይባላል። ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ታጭቆ ሲተኛ፣ ውሃው ሌላ፣ ትንኙ ሌላ፣ አየሩ ሌላ ሲሆን በሽታ እንዴት እንደሚገባ ለጽዳቶቹ ሳይቀር ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሳይታሰብ ደወል ያስደውላል። ሁሉም ሥራውን ጥሎ ይሮጣል፤ ብልቃጦቹ ይወጣሉ፣ ሳጥኖቹ በበረዶ ይታሸጋሉ፣ ካሚዮን ላይ ይጫናሉ። ልምምድ ይሁን እውነት አይናገርም።

«ዶክተር፣ ልምምድ ነው ወይስ የእውነት?» ትለዋለች እታለም።

«ያሽጉ እመት።»

«ልቤን በየትኛው ልክ ላሩጠው ብዬ ነው።»

«በእውነቱ ልክ ያሩጡት።»

ካሚዮኑ ሳጥኖቹን ጭኖ ከተማውን ሲዞር ይውልና ይመለሳል። ሐኪሙ ክዳኑን ከፍቶ ሙቀት መለኪያውን ያያል። ራሱን ከነቀነቀ ጥሩ ነው፤ ዝም ካለ ጥሩ አይደለም። እታለምም «ሳጥኖቹን ሽርሽር ወስደዋቸው መጡ» ትላለች። እንዲህ እየሆነ ሰው ሁሉ ግራ ገብቶት ኖረ። ደወል ሲደወል እንደ እውነት ይሮጣል፤ እንደ ልምምድ ደግሞ ይስቃል።

እኔ ወደዚያ ቤት የገባሁት በመርፌ ነው፤ በልብስ መርፌ። በአንዱ ልምምድ ላይ ካሚዮኑ ፀሐይ ላይ ቆሞ በረዶው ቶሎ ቀለጠ። ሐኪሙ ዝም አለ። ሳጥኖቹ ወፍራም ልብስ ይሰፋላቸው ተባለና እታለም «እህቴ ትሰፋለች» አለች። የስፌት መኪናዬን አምጥቼ በበረዶ ክፍሉ በር ላይ ተቀመጥኩ። ያረጀ ብርድ ልብስ በሁለት ሸራ መሃል እያደረግሁ ለሳጥን ኮት መስፋት ሆነ ሥራዬ። ወታደሮቹ ሲያልፉ «እትዬ፣ ለሳጥኑ ኪስም ያድርጉለት እንጂ» ይሉኛል። «እጅ የለውም፤ ምኑን ሊከትበት» እላቸዋለሁ።

ልጇ አደገና እሱም ወታደር ሆነ። የቤት ስሙ ድንቡሼ ነው። ሕፃን እያለ ጉንጩ ስለሚንጠለጠል ነው የወጣለት፤ በኋላ እንደ ቀርከሃ ተመዞ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሆኖ እንኳን ስሙ አልለቀቀውም። ሁለት ነገር ነበረበት። አንደኛ፣ የትም ቦታ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሁለተኛ፣ መርፌ ይፈራል። እናቱ ለስንት ሺህ ሰው ክትባት እያሸገች፣ የገዛ ልጇ መርፌ ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይላል። ወደ ባሕር ማዶ ሊሄዱ የቢጫ ወባ ክትባት ሲወስዱ ጠፋ። ሽንት ቤት ገብቶ ከውስጥ ቆልፎ አገኙት። እናቱ ከበረዶ ክፍሏ በካልሲዋ ሄደች።

«ውጣ።»

«እማዬ፣ ሆዴን እያመመኝ ነው።»

«ክንድህን ነው የፈለግነው፤ ሆድህ እዚያው ይቆይ።»

ክንዱን በበሩ ቀዳዳ አውጥቶ ነው የተወጋው ብለው ወታደሮቹ ለዓመት ሳቁበት። በበሩ ቀዳዳ የሚለውን እነሱ ይጨምሩበት፤ እናቱ ግን ክንዱን ይዛ ማስወጋቷ እርግጥ ነው፤ እኔም አይቻለሁ። ከዚያ ሄዱ። ሻለቃው በሙሉ፣ አንደኛ ሻምበል፣ ሁለተኛ ሻምበል፣ ሦስተኛ ሻምበል። ድንቡሼ ሦስተኛ ሻምበል ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እየቀረብኩ ነው።

ዝናብ የበዛበት ወቅት ይመስለኛል፤ ወይም በጋ ሆኖ ያን ቀን ብቻ ዘንቦ ይሆናል። የቆርቆሮው ጩኸት ትዝ ይለኛል። ደወሉ ተደወለ። እንደ ልማዳችን ሮጥን። እታለም አሽጋ አሽጋ ቀና ስትል ሐኪሙን አየችው። ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ከወታደሮቹ ጋር ሳጥን እየተሸከመ ነው። በልምምድ ቀን ዶክተር ሳጥን ተሸክሞ አያውቅም፤ ዳር ቆሞ ነው የሚያየው። እታለም አጠገቡ ሄደች፤ አልጠየቀችውም። እሱ ራሱ ነገራት።

«ማጅራት ገትር ገብቶባቸዋል እመት። ከሚያድሩበት ሰፈር ነው የተነሳው። ለዚህ በሽታ አልተከተቡም ነበር።»

«ማንን ያዘ?»

«ከሁለተኛ ሻምበል አንድ ሰው ሞቷል፤ ለቤተሰቡ ተነግሯል። ከሌሎቹም የታመሙ አሉ። ስም በሬዲዮ አይነገርም፤ እኔም አላውቅም።»

እታለም እጇን ማጅራቷ ላይ አደረገች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እጇ ከዚያ አልወረደም ብል ማጋነን አይሆንም። በረዶ ስታፈስ አንዱ እጇ ማጅራቷ ላይ ነው፤ ስታወራኝ አንዱ እጇ ማጅራቷ ላይ ነው። የልጇን ማጅራት በራሷ ማጅራት የምትዳስስ ይመስል።

ሳጥኖቹ በአውሮፕላን ሄዱ። ከዚያ ወሬው ተበጣጠሰ። አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አየሩ ከፍቶበት የሆነ አገር አርፎ ቆሟል አሉ። አንዱ ተነሥቷል ይላል፤ ሌላው አይ፣ እንደቆመ ነው ይላል። በረዶው ደግሞ ለሁልጊዜ አይቆይም። እታለም እኔ የሰፋሁትን ኮት እያሰበች ጥያቄ በጥያቄ አደረገችኝ።

«ሚጢ፣ ክዳኑ ጋ ያለውን ደርበሽ ሰፍተሽዋል?»

«ደርቤ ነው የሰፋሁት።»

«ጥጉንስ?»

«ጥጉንም።»

«እንዲያው ቀለል አድርገሽው እንደሆነ ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም።»

«እታለም፣ አንቺ ለልጅሽ የገዛሽለት ሹራብ እንኳን እንደዚያ አይወፍርም።»

በዚያው ሰሞን ነው፣ ጠዋት ይሁን ከምሳ በኋላ እንጃ፣ እኔ ስፌቴ ላይ፣ እሷ ማቀዝቀዣው ጋ ሆነን፣ በኮምፔንሳቶው ወዲያ የድገም ድምፅ መጣ። ከባሕር ማዶ የሚነግሩትን እየተቀበለ ጮክ ብሎ ነው የሚደግመው።

«አንደኛ ሻምበል አልቋል። ድገም። አንደኛ ሻምበል አልቋል። ሁለተኛ ሻምበል አልቋል። ሦስተኛ ሻምበል ግማሹ አልቋል። የቀረው ነገ ያልቃል። ድገም። የቀረው ነገ ያልቃል። ተደምጧል።»

እታለም የበረዶውን ጣሳ ይዛ ነበር። አልጣለችውም። ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ እንዳይንቀሳቀስባት በእጇ ትንሽ ጫን አለችው።

«ሚጢ፣ የሰማሁትን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ግማሹ ነው ያለው አይደል፣ ሦስተኛን?»

«ግማሹ ነው ያለው።»

«ድንቡሼ ከቀረው ግማሽ ነው። እሱ የትም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሞትም ቢሆን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።»

«ነገ ያልቃል ይላል እኮ» አልኳት። «ነገ እንደሚያልቁ ማን አወቀው?»

«ሐኪሞች ቀድመው ያውቁታል።»

ተነሥቼ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ሄድኩ። ድገም ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የጻፋትን ቁራጭ ወረቀት ያያታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምንድን ነው ያሉህ?»

«እኔ የሰማሁትን እደግማለሁ እንጂ አልፈታም እትዬ።»

«አልቋል ነው ያሉት?»

«አልቋል ነው ያሉት። ሁለቴ አስደግሜዋለሁ።» ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ሰውዬው እየሳቀ ነው የሚናገረው።»

«እንዴት እየሳቀ?»

«እኔ ምን ዐውቄ። ሬዲዮ ነው። ብቻ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።»

እታለም ከኋላዬ መጥታ ቆማ ነበር። ይህን ጊዜ ሐኪሙ በኮሪደሩ መጣ። ወረቀቷን ከድገም እጅ ወስዶ አነበበ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በራ።

«እሰይ» አለ። «በአንድ ቀን ሁለት ሻምበል ተኩል ጨረሷቸው። እንዲህ ነው እንጂ ልምምድ።»

እታለም «ዶክተር፣ እሰይ አሉ?» አለችው፣ በጣም ቀስ ብላ።

«አልኩ እንጂ። እርስዎም እሰይ ይበሉ፤ የእርስዎ በረዶ ነው እኮ ይህን የሠራው።»

«የኔ በረዶ ነው የጨረሳቸው?»

«ያለ እርስዎ በረዶማ እንዴት ይሆናል?»

እኔ ያኔ የመጣብኝን ሐሳብ እሷም አስባዋለች። በረዶው ቀልጦ መድኃኒቱ ተበላሽቶ መርዝ ሆነባቸው ነው ያልነው። እኔ ደግሞ የኮቱ ጥግ ታየኝ፤ ደርቤ የሰፋሁት ጥግ፣ ደርቤ መስፋቴን የማውቀው ጥግ፣ ድንገት ያልደረብኩት መሰለኝ። እታለም የሐኪሙን ነጭ ጋዋን ኮሌታ ያዘች። ጥብቅ አድርጋ አይደለም፤ እንደምትወድቅ ሰው ነው የያዘችው።

«ልጄስ? ሦስተኛ ሻምበል ነው የኔ ልጅ።»

«አይስጉ እመት» አላት ደስ ብሎት። «ዛሬ ካላለቀ ነገ ያልቃል።»

ድገም ወንበሩን ለቀቀላት፤ አልተቀመጠችም። እንግዲህ ሐኪሙ ያኔ ነው ፊታችንን ያየው። የኔን አየ፣ የድገምን አየ፣ ኮሌታው ላይ ያለውን እጅ አየ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ምን መስሏችሁ ነው? አልቀዋል እኮ ነው የሚለው፤ ተወግተው አልቀዋል።»

«በምን ተወጉ?» አለ ድገም።

«በመርፌ ነዋ! ክትባቱ ደርሷል። አውሮፕላኑ ከደረሰ ቆየ። ተከትበው አለቁ ማለት ነው። ማን ሞተ አላችሁ?»

ድገም አፉን በመዳፉ ሸፈነ፤ ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ አልለየሁም። እታለም ኮሌታውን ለቃ እጥፋቱን በእጇ አስተካከለችለት፣ ሁለቴ ዳበሰችው። ከዚያ ወደ ክፍሏ ተመልሳ በጣሳው አጠገብ ቁጭ አለች። ተከትዬ ገባሁ። ደስ ብሏት አገኛታለሁ ብዬ ነበር።

«ሚጢ፣ አሁን የቱን ልለምን?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ቅድም ድንቡሼን ከቀሩት አድርገው ብዬ ለምኛለሁ። ዘግይቶ ይሁን ብዬ ለምኛለሁ። አሁን ደግሞ ካለቁት ያድርገው ልበል? ልመናዬ ደርሶ ቢሆንስ?»

እኔም ተደናገርኩ። ቅድም እንዳያልቅ የተለመነለት ልጅ አሁን እንዲያልቅ ይለመንለት ነው። «ሁለተኛው የፊተኛውን ይሰርዘዋል» አልኳት፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እሷ ግን ልጇን ታውቀዋለች። ሽንት ቤት ገብቶ የሚቆልፍ ልጅ ነው፤ በሽታው ደግሞ እዚያው አብሮት እያደረ ነው፤ እዚህ ሆና ክንዱን ይዛ ልታወጣው አትችልም።

በማግስቱ ሁለታችንም ሥራ ሳንይዝ በኮምፔንሳቶው ላይ ጆሯችንን ጣልን። ድገም ጀመረ።

«ሦስተኛ ሻምበል አልቋል። ድገም። ሦስተኛ ሻምበል አልቋል፤ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። እምቢ ብሎ። ድገም። እምቢ ብሎ።»

«እሱ ነው» አለች እታለም። ቀድማኝ በሩ ላይ ደረሰች።

«ድገም፣ አገናኘኝ።»

«እናታችን፣ አይቻልም። ይህ የሥራ መስመር ነው፤ የቤት ጉዳይ አይገባበትም።»

«ክንዱን እንዲሰጥ ብቻ ልንገረው።»

«ስም አይጠራም በሬዲዮ። ማን ብዬ ነው የማስጠራው?»

ሐኪሙ ደረሰ። ድገም ነገሩን አስረዳው። ሐኪሙ ትንሽ አሰበና ይህ የቤት ጉዳይ አይደለም አለ፤ ያልተከተበ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር አብሯቸው እያደረ ስለሆነ የሥራ ጉዳይ ነው፣ ይተላለፍ አለ። ስም ግን አይጠራም። ወደ እታለም ዞረና «ምን እንበለው?» አላት።

እታለም እጇን ከማጅራቷ አወረደች። ድገም እየጻፈ ጮክ ብሎ አስተላለፈ፤ እኔ በደንብ ነው የማስታውሰው፤ ስንቱን ረስቼ ይህን አልረሳሁም።

«ለቀረው ሰው። እናትህ በረዶውን የሠራሁት በእጄ ነው ብላለች። ክንድህን ስጣቸው ብላለች። እምቢ ብትል እመጣለሁ ብላለች። ድገም።»

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ደገመው። እንደ ትላንቱ አልሳቀም። ጠበቅን። ድገም ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሐኪሙ በሩን ተደግፎ፣ እኛ ኮሪደሩ ላይ። አንድ ጽዳት መጥታ ምንድን ነው ብትል «ዝም በይ፣ ባሕር ማዶ ሰው እየተወጋ ነው» አልናት፤ መጥረጊያዋን አቅፋ አብራን ቆመች።

«የቀረው ሰው» አለ ድገም። «ድገም። የቀረው ሰው አልቋል።»

እታለም ስቃ ስቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ቃል ሰምቼ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው።

ሐኪሙ መድኃኒቱም ወዲያው አይሠራም፣ ትንሽ መጠበቅ ነው አለ፤ ጠበቅን። በሽታው ቆመ። የታመሙትም ዳኑ። ያ ከሁለተኛ ሻምበል የሞተው ልጅ ግን እዚያው ቀረ፤ እናቱን አንድ ጊዜ በግምጃ ቤቱ በር ስታልፍ አይቻታለሁ፤ እታለም ወጥታ አቀፈቻት፣ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ኋላ ሻለቃው ተመለሰ። ድንቡሼ ዘግይቶ መጣ፤ ጓደኞቹ ቤታቸው ገብተው ታጥበው ሳለ እሱ ገና መንገድ ላይ ነበር። በሩን ጎንበስ ብሎ ሲገባ እናቱ ከመሳሟ በፊት እጅጌውን ሰበሰበች።

«አንተ የማትረባ። ባሕር ማዶ ድረስ ታስጮኸኛለህ?»

«ምን አደረግሁ እማዬ?»

«እምቢ አልክ አይደል? የቀረው ሰው!»

«እኔ?» አለ ድንቡሼ። «እኔ እኮ ከመጀመሪያዎቹ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ቀድሜ ሰጠሁ። ስዘገይ ሰው ሁሉ ያየኛል ብዬ ነው።»

እታለም እጅጌውን እንደያዘች ቀረች። ልጇ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ትከሻው ብርሃኑን ዘግቶታል። አስር አለቃችን ነው፣ በረዶ የሠራችውን እናትህን ካላስተዋወቅኸኝ ብሎ ተከትሎኝ ነው አለ ድንቡሼ። «የቀረው እሱ ነው። አለቃ ስለሆነ መጨረሻ ነው የሚያልቀው።»

አስር አለቃው አልሳቀም። እንዲቀመጥ ተለምኖ ነው የተቀመጠው፤ ወንበሩ ጮኸ።

«መርፌ እፈራለሁ» አለ ወደ መሬት እያየ። «የሰው ሁሉ አለቃ ሆኜ እፈራለሁ ማለት ከበደኝ። ለልጆቹ ተራዬን እየሰጠሁ እየሰጠሁ ወደ ኋላ ስሄድ፣ መጨረሻ ላይ ሰልፉ እኔ ብቻ ሆንኩ። ያኔ እምቢ አልኩ። ከዚያ መልእክቱ መጣና በሰው ሁሉ ፊት ተነበበ። እናትህ ብላለች ይላል።»

ቀና ብሎ እታለምን አያት።

«እናቴ እኔ ልጅ ሳለሁ ነው የሞተችው። ሻምበሉ ሁሉ ያውቃል። የቀለዱብኝ መሰለኝና ልጣላ ተነሣሁ። ዞር ብዬ ሳይ ማንም አይስቅም። እነሱም ግራ ገብቷቸዋል። በረዶውን በእጄ ነው የሠራሁት ይላል። እምቢ ብትል እመጣለሁ ይላል።» ኮፍያውን አገላበጠው። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ትምጣ ብዬ እምቢ ልል ነበር።»

ድንቡሼ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማዬ እኮ ለእኔ መስሏት…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰም። እታለም በዚያ በወፍራም ካልሲዋ እግሩን ረግጣዋለች።

«የትኛውን ክንድህን ሰጠሃቸው?» አለችው አስር አለቃውን።

«ግራውን። ግራ ገብቶኝ ስለነበር ይሆናል።»

እጅጌውን ሰበሰበችለት። ምልክት አልነበረውም፤ እሷ ግን ያለ ይመስል በዚያ በተሰነጣጠቀ አውራ ጣቷ ክንዱን ዳበሰችው።

«እምቢ ብትል እመጣ ነበር» አለችው።

«ባሕር አለ እኮ እናቴ።»

«በረዶ አደርገዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው አስር አለቃው የሳቀው። ሲስቅ ወንበሩ አብሮት ጮኸ። አብሯቸው በላ፣ ከድንቡሼ ጋር የዛገውን ጣሪያዋን ቀዳዳ ሲደፍኑ ዋሉ፣ ከዚያ ወዲያም መምጣቱን አልተወም። እታለም ስትሞት ከፊት ሆነው የተሸከሟት ሁለቱ ናቸው። የማያውቅ ሰው ልጇ የትኛው ነው እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ አንዱን ሳሳይ ሌላው ደግሞ የበለጠ ያለቅሳል፤ እኔም መልሼ እደናገራለሁ።

አስር አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ቀን ከሄደ በኋላ ግን ዕቃ እያነሣን ጠይቄያት ነበር።

«እታለም፣ ለድንቡሼ አልነበረም እንዴ የላክሽው?»

«ለማን ነው ያልኩት?»

«ለቀረው ሰው።»

«እና?» አለችኝ። «ደርሶታል አይደለም?»

ከዚያ ብርጭቆውን አቀብዪኝ አለችኝ። አቀበልኳት። ያን ዕለት አልገባኝም ነበር፤ ዛሬም ገባኝ ብዬ ስነሣ መልሶ ይጠፋኛል።